የወይራዋ መዘውር

"የሰው ልጅ በሃያ አራት ዓመቱ ሚስት ይፈልጋል፣ የእኔው መዘውር ይፈልጋል" እያለች እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራ ነበር። ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው። ያን ዓመት የተማሪ ደብተር ሳርምም፣ እህል ስቀምስም፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ሳይቀር በዓይኔ ላይ የምትዞረው አንዲት መዘውር ነበረች።

መዘውር የምላት ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የምትታሰር፣ ክሩ የሚጠቀለልባት ክብ ዕቃ ናት። መሃሏን አንዲት ቀጭን ብረት ይዟት እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ማርሽ የላት፣ ሌላ ጣጣ የላት። ዓሣው ሲጎትት ክሩን ትለቅለታለች፤ አንተ ደግሞ በአውራ ጣትህ ጠርዟን ነካ እያደረግህ ትገታታለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይኸው ነው የምለው ግን ዛሬ ነው፤ ያኔ ከዚያ የበለጠ ተአምር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያስለከፈኝ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ ሳይመለስ አዘዞ ላይ ጋራዥ ከፍቶ የቀረ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት መገጭ ወንዝ ይወርዳል። እኔ ጎንደር ከተማ ሒሳብ አስተምር ነበርና አዘዞ ጓደኛ ልጠይቅ ስወርድ አየሁት። ቆሜ ሳፈጥበት ጊዜ ዘንጉን አቀበለኝ። ወዲያው ዓሣ ነከሰ! መዘውሯ እጄ ውስጥ ክርርር ብላ ስትዞር የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ ለሰው ማስረዳት አልቻልኩም። እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጣሊያኑ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ማን ይያዘኝ!

በግንቦት ግን ጋራዡን ዘግቶ አስመራ ሊኖር ሄደ። ቀርከሃ ዘንጉንና አንድ ጥቅል የናይለን ክር ሰጠኝ፤ ሙሊኔሎ የሚላትን መዘውር ይዟት ሄደ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ መሪጌታ ነበር። ደብሩ ውስጥ ሲቆም ድምፁ ሲሶ ጎንደርን ይቀሰቅሳል ይባላል። በዚህ ዓለም ላይ የሚሳሳለት ንብረት አንድ ብቻ ነበር፤ ጸናጽሉ። ከአክሱም የመጣች ናት፤ እንደሷ ያለ ድምፅ በጎንደር አጥቢያዎች ሁሉ የለም፤ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅድም። እኔ ብቻ ሕፃን ሳለሁ ጥርሴን ሳበቅል እጀታዋን አኝኬአታለሁ አሉ።

ታዲያ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ትል በመንጠቆ ሰክቶ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ያየ ሰው ዝም አይልም። ዓሣ ማጥመድ በእኛ ዘንድ የተናቀ ሥራ ነበር። ወሬው ደብሩ ድረስ ደረሰ። በሰኔ መጨረሻ አባቴ አስቀመጠኝ።

"ምነው ልጄ?" አለኝ። "ቅኔ አልሆንልህ አለ፣ እሺ አልኩ። አስኳላ ገባህ፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ እኔን መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?"

"አባባ፣ እርስዎ አንድ ቀን ቢያዩት እኮ . . ."

"አላይም!" አለ። ከዚያ ጢሙን አሻሽቶ የማልጠብቀውን ተናገረ። "ስማ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ማዕዴ ላይ በገዛ እጅህ ያጠመድከው ዓሣ፣ ኦሪት እንደምታዝዘው ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ፣ ቀርቦ ካየሁ ዳግመኛ አልናገርህም። ለሚያሙህም እኔው መልስ እሰጣለሁ። ካላየሁ ግን ዘንጉን ሰብረህ ለእናትህ ማገዶ ታደርጋለህ፤ ነገሩም ያከትማል።"

ጮቤ ረገጥኩ። ጉልበቱን ሳምኩት። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዓሣው ከጣና ወደ መገጭ ሽቅብ የሚወጣበት ወር ነው፤ ምን ቀረኝ! የቀረኝን ያወቅሁት ወንዝ ስወርድ ነው። የክረምት መገጭ እንደ በጋው አይደለም። ክሩን ዘንጉ ጫፍ ላይ አስሬ ወረወርኩ፤ ዓሣው ነከሰ፤ ጎርፉ አገዘው፤ ክሩ ጧ አለ። ሁለተኛም ጧ። ክር የሚለቅልኝ ነገር ከሌለ ፍልሰታ ሳይፈታ ዘንጌ ማገዶ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ፒያሳ ዓረብ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ የመናዊ ነው፤ ጎርጎራ እየወረዱ ዓሣ ለሚያጠምዱ ፈረንጆች ብሎ ከአስመራ ያስመጣቸው ሦስት መዘውሮች መስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ሦስቱንም አውርድልኝ አልኩት።

ጣሊያኑ የመዘውር መፈተኛ አስተምሮኛል። ከዘንጉ ጋር የምታያይዛትን አቃፊዋን በግራ እጅ ትይዝና ክር የሚጠቀለልባትን ከበሮዋን በቀኝ ጣትህ አንዴ ላፍ አድርገህ ታሽከረክራታለህ፤ ከዚያ እስክትቆም ትቆጥራለህ። ብዙ የምትዞር ጥሩ ናት። ስትዞር የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ብዙ ብትዞርም አትግዛት። እሱ በጣሊያንኛ ቁጥር ይቆጥር ነበር። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በአቡነ ዘበሰማያት ነው የምቆጥረው።

የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ አገር ሥራ ናት፤ እንደ ብር ታበራለች። ላፍ አደረግኋት። "አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ . . ." ስል፣ ድምፅ የላት፣ ንቅንቅ የላት፣ "አሜን" ድረስ ዞረች! ዋጋዋን ስጠይቅ የሦስት ወር ደመወዜ ነው። ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት። ሁለተኛዋ ያገለገለች ናት፤ መሃል ብረቷ ስለጎበጠ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች። ሦስተኛዋ ቆርቆሮ ናት፤ አራት ብር። "ይትቀደስ ስምከ" ሳልደርስ ቀጥ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገዛ ነው የመጣህ ልትጸልይ?" አለኝ ባለሱቁ።

ማስተዋል ነበረብኝ። ግን ቸኩዬአለሁ፣ ኪሴም ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ቆርቆሮዋን ገዛሁ። የዚያኑ ዕለት መገጭ ላይ የመጀመሪያው ዓሣ ሲጎትታት ተጨማደደች። አራት ብሬን ጎርፍ ይዞት እንደ ሄደ ቁጠሩት። ከአዘዞ እስከ ጎንደር ራሴን እየሰደብኩ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ የደነዘ መጥረቢያዋን በጨርቅ ጠቅልላ ለሚያደርስላት ሰው ስትሰጥ አየሁ። ወዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። በደባርቅ መንገድ፣ ወለቃ አጠገብ፣ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ነበሩ። ያኔ ሰው የሚጠራቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም። የገበሬው ማረሻ ከእነሱ እጅ ነው፤ ማጭዱም፣ የእናቴ መጥረቢያም። ግን ዓይናቸው ይበላል ተብሎ ይፈራሉ፤ ከእጃቸው የወጣውንም ዕቃ ሰው የሚጠቀመው ከየት እንዳመጣው ሳያወራ ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። አስኳላ ተምሬአለሁ የምለው እኔም በልጅነቴ እዚያ ሰፈር ሳልፍ አፌን ሸፍኜ ነው የማልፈው።

"መጥረቢያውን እኔ አደርሰዋለሁ" አልኩ። እናቴ ደነገጠች፤ እኔ ግን ወጥቻለሁ።

ቀጥቃጩ ስድሳ የሚጠጋው፣ ክንዱ እንደ ወይራ ጉማጅ የጠጠረ ሽማግሌ ነበር። ወናፉን ትቶ ብቅ አለ።

"አያ፣ እንዴት ዋሉ? መጥረቢያ ይዤ ነበር። ሌላም ነገር አለኝ" አልኩና የተጨማደደችውን ቆርቆሮ ለመስጠት እጄን ዘረጋሁ።

"ድንጋዩ ላይ አስቀምጣት" አለኝ በትሕትና። የእነሱ ሕግ ነው፤ ከእኛ ጋር አይነካኩም፤ ከነኩን ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ለካስ እኔ እነሱን ስፈራ እነሱም እኔን ይጠነቀቁ ኖሯል! በጣም ገረመኝ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳት።

አነሳት፣ ገለበጣት፣ ሳቀ። "ይቺን ዓሣው ቢያያት ምን ይላል? የሰርዲን ጣሳ እኮ ናት።"

የምፈልገውን በጣቴ መሬት ላይ ሥዬ አስረዳሁት። ስለ አባቴም፣ ስለ ፍልሰታውም፣ ስለ ዘንጉም ነገርኩት። አፌ አላርፍ አለ። ሽማግሌው ሥዕሉን ትክ ብሎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"የምታጠምደው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው?"

ክው አልኩ። "አባቴም በዚሁ ቃል ነው የጠየቀኝ!"

"እንግዲያማ እሠራልሃለሁ። አራት ቀን ስጠኝ" አለኝ።

በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ደርሻለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከበሮዋ ወይራ ነው፣ ተልጎ ተልጎ እንደ ብርሌ የለሰለሰ። መሃል ብረቷ ከተሰበረ የካሚዮን ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የወጣ ነው። ብረቱ የሚዞርበት ነሐስ ደግሞ የጦርነቱ የጥይት ቀለህ ነበር፤ ገበሬ ሲያርስ እያገኘ ያመጣለታል። ላፍ አደረግኋትና መቁጠር ጀመርኩ። "ሲሳየነ" ላይ ቆመች።

"መጥፎ አይደለም" አልኩ፤ ፊቴ ግን ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

"ዝም በል እስቲ" አለና ጆሮው አጠገብ አዞራት። ከዚያ ፈታት፣ በሞረድ አንዴ ሁለቴ ነካ አደረጋት፣ የኑግ ዘይት ጠብ አደረገባትና መልሶ ድንጋዩ ላይ አኖራት። ደግሜ ላፍ አደረግኋት። "ሲሳየነ" አለፈች፣ "አበሳነ" አለፈች፣ "አሜን" አልኩ፤ እሷ ገና ትዞራለች! እንደገና "አቡነ" ብዬ ጀመርኩ።

"ጸሎትህ አለቀ፣ እሷ አላለቀች!" ብሎ ሽማግሌው ጭኑን እየመታ ሳቀ።

እኔ ዘለልኩ፤ ላቅፈው ስል እጁን አንስቶ መለሰኝ። በመጨረሻ በሞረዱ ጫፍ የነሐሷ ጠርዝ ላይ ሦስት ትንንሽ ጭረት አደረገ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው "የእጄ ምልክት ነው" አለኝ። ዋጋዋ ሁለት ብር ነበር። ብሩንም ውኃ በተሞላ ገል ውስጥ ጣልኩለት፤ እሱ ከውኃው አወጣው።

ቤት ስገባ አባቴ ደጅ ተቀምጧል። "ያቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አለኝ።

ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ከፒያሳ ገዛኋት አባባ። የእንግሊዝ ናት።"

ለምን ዋሸሁ? ከየት እንደመጣች እቤት ያሉት ካወቁ በእሷ የተጠመደውን ዓሣ ማዕድ ላይ አያቀርቡትም ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ የማሳምረው ምክንያት የለኝም።

ሐምሌን ሙሉ ወንዝ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ቀን መዘውሯ እንደ እብድ ጮኸች፤ ጣቴን ላጠችው፤ አንድ ሰዓት ታገልኩ። ከብት የሚያጠጡ ገበሬዎች ተሰብስበው "አይዞህ! ሳብ! ልቀቅ!" ይሉኛል። በመጨረሻ ዳር አወጣሁት፤ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ጢማም፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ! ክንፍ አለው፤ ቅርፊት ግን በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ የለውም። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "አስተማሪው፣ ጢሙንስ ለአባትህ ውሰድለት!" አሉኝ። ኩም ብዬ ወደ ወንዙ መለስኩት። መንገድ ላይ ግን መዘውሯን እያየሁ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ያን ሁሉ ጎትቶ ንቅንቅ አላደረጋትም።

ፍልሰታ ገባ። ሁለት ሱባኤ ሙሉ ዝናብ ነበር። ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን፣ ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካፖርቴ ውኃ ጠጥቶ፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ጎርፉ ጋብ ከሚልበት ጥግ ቆሜአለሁ። ከነገ ወዲያ ቀርከሃው ማገዶ ነው። ክሩ ላይ ያሰርኩት ተንሳፋፊ ቡሽ ስምጥ አለ። አልጮህኩም። ዓሣው ወደ ጎርፉ ሲሮጥ መዘውሯ ለቀቀችለት፤ በአውራ ጣቴ ነካ፤ እንደገና ሮጠ፤ እንደገና ነካ። ጭቃው ላይ ሳወጣው ጎኑ እንደ አዲስ ሳንቲም ነው። ቅርፊት! እያንዳንዱ ቅርፊት የጣቴን ጥፍር ያክላል! "እሰይ! እሰይ!" እያልኩ በዝናቡ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ሳይመሽ አንድ ደገምኩ። አዘዞ ላይ ያሳፈረኝ የካሚዮን ሾፌር ሁለቱን ዓሣ ሲያይ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ።

በማግስቱ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ አንደኛው ዓሣ ማዕዱ ላይ ቀርቧል። ቆዳው ላይ የቀረውን ቅርፊት አየ፤ ክንፉን አየ፤ ባረከ፤ በላ። ከዚያ እጁን ሲታጠብ "ሸጋ ነው" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ያቺን የእንግሊዝ ዕቃ እስቲ አምጣት" አለኝ ቀጥሎ።

አመጣሁለት። እንዳሳየሁት ላፍ አደረጋት። ስትዞር ጆሮውን አዘንብሎ ሰማት። ከዚያ ሊያቆማት ጠርዟን ሲይዝ አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ወደ ብርሃኑ አስጠጋት። ሦስቱ ጭረት ላይ ነው ጣቱ።

"እንግሊዝ ነው ያልከኝ?"

"አዎ አባባ" አልኩ።

ተነሣና ከግድግዳው ላይ ጸናጽሉን አወረደ። እጀታዋን ወደ እኔ አዞረ። ሦስት ትንንሽ ጭረት። በልጅነቴ ያኘክኋቸው፣ በምላሴ የማውቃቸው ጭረቶች!

"ይቺስ ከየት መጣች ብዬህ ነበር?" አለኝ።

"ከአክሱም።"

"ዋሽቼሃለሁ" አለ አባቴ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቀጥ አለች። "ደብሩን ስሾም ጸናጽል መግዣ አልነበረኝም። የወለቃው ቀጥቃጭ ያኔ ጎልማሳ ነበር። ሠራልኝ። ከየት እንደሆነ ብናገር ከጎኔ ቆሞ የሚያሸበሽብ አይገኝም ብዬ ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው እሷን ባደነቀልኝ ቁጥር አክሱምን አመሰገንኩ።"

እኔም የራሴን ውሸት ተናዘዝኩ። አባቴ ጸናጽሉን እንደያዘ ወደ ጓዳ ተመለከተ።

"ሁለተኛው ዓሣ አለ?"

"ጓዳ አለ፤ ገና አልተነካም።"

"አምጣው። እኛ የባረክነውን ሥጋ እሱ አይበላም፤ እሱ የባረከውን እኛ አንበላም። ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ከእኛ ቤት ወጥቶ እሱ ሊበላው የሚችል ሥጋ ይኸ ብቻ ነው" አለኝ።

አባቴ ጥምጥሙን እንዳደረገ፣ ካባውን እንደ ደረበ፣ ጸናጽሉን ይዞ በቀትር የጎንደርን መንገድ አቋርጦ ወለቃ ወረደ። እኔ ዓሣውን ይዤ እከተለዋለሁ። የበዓል ቀን ነው፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው።

ሽማግሌው ደጁ ላይ ነበር። አባቴን ሲያይ ቆመ። አባቴ ዓሣውን ከእኔ ተቀብሎ ድንጋዩ ላይ አኖረና ራቅ አለ። ሽማግሌው ቀርቦ አየው።

"ክንፍና ቅርፊት?" አለ።

"ክንፍና ቅርፊት" አለ አባቴ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። "አያ፣ ጸናጽልዎ ገና ትጮኻለች። ልነግርዎት ነው የመጣሁ።"

"አውቃለሁ እንጂ" አለ ሽማግሌው። "በየጥምቀቱ ከሰዉ ኋላ ራቅ ብዬ ቆሜ እሰማታለሁ። ከሁሉ መሃል እለያታለሁ።"

አባቴ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ። ማንም እንዳይነካት ሠላሳ ዓመት የጠበቃትን ጸናጽል ድንጋዩ ላይ፣ ዓሣው አጠገብ፣ አስቀመጣት። ሽማግሌው እጁን ታጥቦ አነሳት፤ አንዴ አንቀጨቀጫት፤ ጆሮውን አዘነበለ።

"አንዲቱ ቀለበት ላልታለች። እኔ ጋ ትደርና ነገ ውሰዷት" አለ።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ከተማው ጫፍ ላይ ከበዓል ግብዣ የሚመለሱ ደብተራዎች አገኙን። አንዱ ሰላምታውን ሳይጨርስ "የኔታ፣ ምነው ቅድም ይዘዋት ሲያልፉ ያየናት የአክሱሟ ጸናጽልዎ የት ቀረች?" አለ።

አባቴ ሲሶ ጎንደርን በሚቀሰቅሰው ድምፁ መለሰለት። "ወለቃ ናት። የሠራት ሰው እየጠገናት ነው።"